አስካለች የሰጠችው ቃል

በእኔ ቤት አስካለች ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ወይዘሮ ሄራንን ያለ ቂምና ያለ ፍቅር ቀና ብዬ የማያት እኔ ብቻ የሆንኩት ለዚህ ነው። ገርጂ ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤቶች ነን። ጠዋት በር ላይ ስንገጣጠም እኔ የማየው ስልሳን የተጠጋች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ዳቦ ልትገዛ የወጣች ቀጭን ሴት ነው። ሌላው የሚያየው ትናንት ማታ በገዛ ሳሎኑ ያደረገችውን ነው።

«እነ አስካለች» የሚባለው የግድግዳ ድራማ በየቤቱ ይለያያል፤ ማሽን ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይሠራዋል። ድራማው ባለቤቱን ያውቀዋል፤ ምን ሲያይ ዝም እንደሚል፣ ምን ሲያይ ተነስቶ ውኃ ሊጠጣ እንደሚሄድ ያውቃል። እኔ ምን ብዬ እንዳስመረርኩት እንጃ፣ አስካለችን አንድ ሰሞን በጉበት አሳምሞ ገደለልኝ። ፊት ለፊታችን ባለው ቤት የልጇን ሚስት ከደረጃ ገፍትራለች። የፋርማሲው ባለቤት ቤት ደግሞ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ታሳድጋለች። ሄራን አንዱንም አላየችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአስካለች ፊቷን የሰጠች ሴት በቤቷ ድራማ የሚታይበት ግድግዳ እንኳ አልነበራትም፤ እዚያ ቦታ ላይ የልጇ የመመረቂያ ፎቶ ተሰቅሏል።

ስለዚህ ሰላምታዋ እንደ ሰው ሰላምታ አልነበረም። እጇን እስከ ደረቷ ታነሳና ትጠብቃለች። የሚመጣው ሰው ፊቱ ከፈካ እጇን ትዘረጋለች፤ ከተኮሳተረ ደግሞ ነጠላዋን ያስተካከለች መስላ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን የፋርማሲው ባለቤት ትከሻዋን ስማት ከመሄዷ፣ ፊት ለፊት ያሉት አዛውንት ደረሱና ምራቃቸውን ጢቅ አድርገው አለፉ።

«ዛሬ እዚያ ቤት ምን አድርጌ ይሆን?» አለችኝ። ይዘንብ ይሆን ወይ ብላ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

ወጣት እያለች የመድረክ ተዋናይ ነበረች። «እነ አስካለች» ሲጀመር አስካለችን እንድትሆን ተመረጠች። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ድራማው አንድ ነበር፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ማታ አንድ ነገር አይቶ በማግስቱ በአንድ አፍ ይሰድባት ነበር። «ደህና ጊዜ ነበር» ትላለች ስታስታውሰው፤ «ቢያንስ ሁሉም የሚጠላኝ በአንድ ምክንያት ነበር።» በኋላ ድራማው በየቤቱ ሲለያይ የእሷ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። የቀረላት በዓመት ሁለት ጊዜ ሄዳ ፊት ማሳደስ ነው።

ፊት ማሳደስ እንዲህ ነው። አንድ ወንበር አለ። ሌላ ተዋናይ የለም፣ የቤት ዕቃ የለም፣ የሚነገር ቃልም የለም። ከጣሪያው በኩል ድምፅ ይመጣል፤ «ንዴት። ይያዙት። አሁን ይልቀቁት» ይላል። ቀጥሎ ንቀት፣ ቀጥሎ ምቀኝነት። ንዴት ራሱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለሠራተኛ የሚሆን አለ፣ ለባል የሚሆን አለ፣ ለልጅ ሚስት የሚሆን አለ። ለልጅ ሚስት የሚሆነውን ሲጠይቋት ሟች አማቷን ታስባለች። እሷ አዲስ ሙሽራ እያለች አማቷ በር ላይ ቆመው ጥርሳቸውን እየፋቁ ምንም ሳይናገሩ ያይዋት ነበር። ያንን ዐይን ነው ድራማውን ለሚሠራው ኩባንያ የሰጠችው፤ ኩባንያውም በጣም ወዶት በየቤቱ አዳርሶታል።

አንድ ነገር ብቻ ከልክላለች። ገና የመጀመሪያውን የፊት ማሳደስ ውል ስትፈርም «ልጄን የማይበት ዐይን አይወሰድም» ብላ አስገባች። ሳቁባት። የአስካለችን ርኅራኄ ማን ሊፈልገው ብለው ነው።

ልጇ መንገሻ ይባላል። የእኛ ዘመን ሰው ሄራን፣ ሶልያና፣ ሮቤል ነው፤ ልጆቻችን ሲወለዱ ግን ምን እንደነካን እንጃ የቅድመ አያቶቻችንን ስም አወጣንላቸው። መንገሻ ገና ጡት ሳይጥል አባቱ ሞቶ ብቻዋን ያሳደገችው፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላውም እራቱን ከእሷ ጋር የሚበላ ልጅ ነው። ሚስት ሲያገባ ይገባበታል ብላ ፎቋ ላይ ሁለት ክፍል አሠርታለት ነበር፤ መስኮቱ ወደ ጠዋት ፀሐይ የሚከፈት። ሁለቱ ክፍሎች ተቀብተው አልቀው ሙሽራ ይጠብቁ ነበር።

ሙሽራዋም ተገኘች። ጥሩወርቅ ትባላለች፣ የዱከም ልጅ ናት። ሄራን እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላከች። መሪያቸው ጋሽ ሮቤል ነበሩ፤ በሰፈራችን ያልመረቁት ጋብቻ፣ ያልፈቱት ጠብ የለም።

የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ሶልያና በክብር ተቀበለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ፤ ተቀመጡ ተባሉ፤ ተጋበዙ። ሁሉም ነገር ወደ ቀጠሮ የሚያመራ ይመስል ነበር። ከዚያ እናትየው እጇን አጣጥፋ መልስ ሰጠች።

«ልጁን ወድጄዋለሁ። ሰው ያከብራል፣ ልጄንም ይወዳታል። እናቱን ግን አውቃታለሁ።»

«ከየት ነው የሚያውቋት እመቤቴ?» አሉ ጋሽ ሮቤል።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሳሎን ውስጥ አብራኝ ኖራለች። በልጇ ሚስት ላይ ያደረገችውን ሁሉ አይቻለሁ።»

«ድራማ እኮ ነው።»

«ድራማ መሆኑን መቼ አጣሁት? የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ወጥ ላይ መርዝ እንዳልጨመረች አውቃለሁ። ግን ዐይኑ የማን ነው? ማሽን ከባዶ አያመጣም፤ ከሴትዮዋ ላይ ነው የወሰደው። ወንበር ላይ ተቀምጣ የሆነች ሙሽራ አስባ እንደዚያ አይታታለች። ልጄን በዚያ ዐይን እንድታይብኝ አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ ነገር ሰምተው ያውቃሉ፤ ዘር የተጠየቀበት፣ ሃይማኖት የተጠየቀበት፣ የድሮ ጠብ የተነሣበት። እንዲህ ያለ ግን ሰምተው አያውቁም። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ነገሩን ሲያወሩልን እኔ ሳቅሁ። ሄራን አልሳቀችም።

«እውነቷን ነው» አለች። «ዐይኑ የእኔ ነው።»

ጥሩወርቅ «እናቴን አስለቅሼ አላገባም» አለች። መንገሻ ደግሞ እንደ ወትሮው ሆነ። እራቱን ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ «ደህና እደሪ እማዬ» ብሎ ይገባል። እናቱን ግን ቀና ብሎ ማየት ተወ። አንድ እሑድ ሁለቱን አዲስ ክፍሎች ሊያናፍስ ወጥቶ መስኮቶቹን ሲከፍት ከአጥሩ ማዶ አየሁት፤ ጎኑን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። ሄራንም ከታች ሆና ታየው ነበር። በማግስቱ ወደ ኩባንያው ሄደች።

ያነጋገረቻት ዘነበች የምትባል ትሁት ልጅ ናት። ነገሩን ሰምታ አልተገረመችም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመጣላት ማን ያውቃል።

«የዚያን ቤት አስካለች ማለዘብ ይቻላል» አለቻት። «የአንድ ቤት ጉዳይ ነው፣ አያስቸግርም። ግን በምን እናለዝባት? የእርስዎ ንዴት ሞልቶናል፤ ንቀትም ምቀኝነትም እንደዚያው። ርኅራኄ ብለን ያስቀመጥነው ግን የወጣትነትዎ ነው። አሁን ባለው ፊትዎ ላይ ስናደርገው የሰው ልብስ የለበሱ ነው የሚመስሉት።»

«እና?»

«በውሉ የከለከሉን አለ አይደል? እሱን ይስጡን።»

ሄራን ይህን ስትነግረኝ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ነበር። አንጀቴ አልቆረጠም አለች። ያ ዐይን የቀረላት ብቸኛ የግሏ ነገር ነው። ግን ደግሞ ለማን ብላ ነው የምትሰስተው? የሰሰተችለት ልጅ ራሱ በክፉው ዐይን ምክንያት ሚስት አጥቷል።

ፈረመች። መንገሻን ከመስታወት ወዲያ አስቀመጡት፣ እሷን ከወዲህ። ልጁ አፈረ፤ የት እንደሚያይ ጠፋው። «ብርቱካን ስጡት» አለቻቸው። መንገሻ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩን ሳይበጥስ አንድ አድርጎ ማውጣት ይወዳል፤ ሲልጥ ምላሱን በጥርሱ ያዝ ያደርጋል፣ ዓለምን ይረሳል። ሰጡት። መላጥ ጀመረ። እሷም አየችው።

«ይያዙት» አለ ድምፁ።

ያዘችው። ልጣጩ እየረዘመ ወረደ።

«አሁን ይልቀቁት።»

«ይህንን እንዴት እንደሚለቁት አላውቅም» አለቻቸው። መብራቱን አጠፉላት።

ማለዘቡ አንድ ክረምት ፈጀ። ዱከም ስለሚሆነው የምንሰማው በጥሩወርቅ በኩል ነበር። በመጀመሪያ እናቷ አስካለች ስትገባ መስደብ ተወች። ቀጥሎ ስለ አስካለች ጤንነት መጨነቅ ጀመረች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አስካለች የልጇን ሚስት ታማ ስታስታምም አይታ ራት ሳትበላ ስታለቅስ አደረች። መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌዎቹ ራት ተጠሩ። ጥሩ ምልክት ነበር፤ ጋሽ ሮቤል ኮታቸውን አስተኮሱ።

ሲመለሱ ግን ቀጥታ ወደ ሄራን አልሄዱም። እኔ ጋ ገቡ፤ ቁጭ አሉ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጅቷን ሰጥተዋል» አሉኝ። «ግን ነገር ተበላሽቷል።»

«ምን ሆነ?»

«በላን፣ ጠጣን። ከዚያ ሴትዮዋ ትንሽ አብረን እንይና እንነጋገራለን ብላ ግድግዳውን ከፈተችው። አስካለች ድንጋይ ተሸክማ ገባች።»

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ጋሽ ሮቤል ቀልድ የማያውቁበት ጉዳይ ነው። በዕድሜያቸው ስንቱን ድንጋይ ከሰው ትከሻ እንዳወረዱ ራሳቸው አያስታውሱትም።

«በድራማው ውስጥ የሙሽራዋ እናት አለች፤ ቁርጥ ሶልያናን ናት። አስካለች ፊቷ ቆመችና በዚያ ዐይኗ አየቻት። የዱሮውን አይደለም የምልህ፤ አንጀት የሚበላ ዐይን ነው። ‹ልጄ ልጅሽ ነው› አለቻት። ‹ከእንግዲህ ከግቢሽ አይወጣም፤ ከልጅሽ ጋር እዚሁ ይኑርልሽ፣ እኔ በዓል በዓል መጥቼ አያቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹም ይስሙኝ› አለች። እዚያ ውስጥ ሽማግሌዎች አሉ፣ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተቀመጡት፣ ፊታቸው አይታይም።»

«እና?»

«እናማ ተነሣን።»

«ማን ተነሣ?»

«እኛ ነና። ሴትዮ ድንጋይ ተሸክማ ሽማግሌ ይስማኝ እያለች ዝም ብለን ሥጋ እናኝክ? ተነሣን፣ መረቅን፣ ቤተሰቡ ሁሉ አሜን አለ። ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።»

እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ግን ፎቁ ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ትዝ አሉኝ።

«ድራማውን ነው የመረቅነው ብትሏቸውስ?»

«ምርቃት ይነሣል እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ሮቤል። ፊታቸው ላይ የነበረው እውነተኛ ግራ መጋባት ነው። «ከአፌ ወጥቷል እኮ። አሜን ተብሎበታል።»

ሄራን ስትሰማ ኩባንያው ጋ ሄደች። ዘነበች ያንን ክፍል ማንም አልጻፈውም አለቻት። «አንድ ቤት የሚለዝበው ባለቤቷ የምትፈልገውን ስናደርግላት ነው» አለቻት፤ «ሴትዮዋ የምትፈልገው ልጇ እንዳትርቃት ነበር ማለት ነው። ሌላ ማለዘቢያ የለንም።» ይህን ስትናገር እንኳ ትሁት ነበረች።

መንገሻ ለእናቱ «እንቢ ካልሽ እኔም እንቢ እላለሁ» አላት።

«ከዚያስ?» አለችው።

ያን ቀን ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ሄራንም በመልስ ፋንታ ያንን አስተያየቱን ያዘች።

በቀጠሮው ቀን ዱከም ስንሄድ እኔም ተጨምሬ ሄድኩ። ሶልያና በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሄራን ከመኪናው ወርዳ እንደ ልማዷ እጇን እስከ ደረቷ አንሥታ ጠበቀች። ሶልያና ግን እጇን አላየችም፤ ዐይኗን ነው ያየችው፣ አንዴ የቀኙን አንዴ የግራውን። ጥሩወርቅ ከእናቷ ኋላ ቆማ ነበር። ሄራን ልጅቷን አየቻት። ምን አስባ እንዳየቻት አልነገረችኝም፤ እኔ ግን መንገሻን ስታይ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁና ዐይኑን አውቀዋለሁ።

«አስክዬ» ብላ አቀፈቻት ሶልያና። አንቺ እያለች ነበር የምታናግራት፤ አሥራ አንድ ዓመት ከምታውቃት ሴት ጋር ምን አንቱታ ያስፈልጋል።

ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ዘመድ አዝማድ፣ ጎረቤት፣ ያንን ክፍል ያየውም ያላየውም። ከተቀመጥን በኋላ ሶልያና እንዲህ አለች።

«ቃልሽን ሰምቻለሁ። ግን ዛሬ ዘመድ ባለበት ከራስሽ አፍ ይሰማልኝ። ልጆቹ እዚሁ ይኑሩ ብለሻል?»

ጋሽ ሮቤል ወለሉን አዩ። ሄራን አንድ ቃል ብትናገር ይበቃት ነበር፤ ያ እኔ አይደለሁም ማለት ብቻ። ነገር ግን ቃሉ የእሷ ካልሆነ ዐይኑም የእሷ አይደለም፤ ዐይኑ የእሷ ካልሆነ ደግሞ ለሶልያና የሚተርፋት ያው የድሮው፣ ጥርስ እየፋቀ የሚያየው ዐይን ነው። ይህንን እኔ እንኳ አስቤዋለሁ፤ እሷ ከእኔ አሳንሳ አታስብም። የመድረክ ሰው ናት፣ መቼ መናገር እንዳለባት ታውቃለች። 

«ብያለሁ» አለች።

እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሮቤል ደግመው መረቁ፤ የዚህኛው ምርቃታቸው አጭር ነበር።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ሄራን አምሮባት ነበር፤ ጨፈረችም። የዱከም ሰዎች ትከሻዋን እየሳሙ አስክዬ፣ አስክዬ ሲሏት እያንዳንዱን አቀፈች፤ እጇን ግማሽ ላይ አቁማ የጠበቀችው ማንም አልነበረም። መንገሻ ልብሱንና መጻሕፍቱን በአንድ መኪና ጭኖ ሄደ። ሲሄድ እናቱን ብዙ ጊዜ አቀፋት። ልጁ ደስ ብሎት ነበር፣ ደስታውን ለመደበቅም እየሞከረ ነበር፤ ሁለቱንም አይታለታለች። ፎቁ ላይ ያሉት ክፍሎች መስኮታቸው ተዘጋ።

ከዚያ ለጥቂት ሳምንት አላየኋትም። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«ግድግዳ ገዝቻለሁ፤ መክፈቱን አሳየኝ» አለች።

የመንገሻ ፎቶ ተነሥቶ ወንበር ላይ ተደግፏል። ሠራተኞች ግድግዳውን ተክለውላት ሄደዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተዘርግቶ ነበር፤ ለእኔ መስሎኝ በልቻለሁ ልል ስል እጇ ለምዶበት ለልጇ እንደዘረጋችው ገባኝና አፌን ዘጋሁ።

«እነ አስካለች»ን ከፈትኩላት። አዲስ ቤት ሲከፈት ድራማው ወዲያው አይጀምርም። ባለቤቱን አያውቀውም፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቤቱን ያያል። እኛም ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሄራን ጠረጴዛውን አየች፣ ወደ ደረጃው አየች፣ መልሳ እጇን አየች። ድራማው የሚፈልገውን ለማግኘት ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ወጥ ቤት ታየ። አስካለች ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሦስት ዓመት አላየኋትም ነበርና ደነገጥኩ፤ ልቤ ውስጥ ቀብሬያታለሁ እኮ።

«እኔ ነኝ?» አለች ሄራን።

«ነሽ።»

«አርጅቻለሁ።»

አስካለች ከመደርደሪያው ሳህን አወረደች፤ ቀጥላም ሌላ ሳህን አወረደች። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አደረገቻቸው። ብርቱካን አመጣችና ከአንደኛው ሳህን አጠገብ አኖረች። ከዚያ ተቀምጣ ጠበቀች። 

የበር ድምፅ ተሰማ። አስካለች ቀና አለች፤ ያ ዐይን መጣ። ሄራን በሕይወቷ ሙሉ አይታው አታውቅም፤ ሰው ልጁን የሚያይበትን ዐይን ራሱ ከየት አባቱ ያየዋል። አፏን በእጇ ሸፈነች። አስካለች በዚያ ዐይን ከእኛ አልፋ ከኋላችን ያለውን የሄራንን በር አየች፤ ማን እንደገባ ግድግዳው አላሳየም።

«መጣህ?» አለች አስካለች።

ሄራን ወደ በሩ ዞረች። እኔም ዞርኩ።